እኛ ሞባይል ጠጋኞች የጫንንባችሁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ሐዋሳ፣ አሮጌው መናኸሪያ አካባቢ፣ ደንበኛ ቆሞ ብቻ በሚስተናገድባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሞባይል ስጠግን አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ስክሪን እቀይራለሁ፣ የቻርጀር መሰኪያ እበይዳለሁ፣ ሐይቅ ውስጥ የወደቀ ስልክ ፈትቼ አድርቄ አስነሳለሁ። ለጋዜጣ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ጥር ላይ አንዲት እናት ስልካቸውን ይዘው ከመጡ ወዲህ ስለ ገዛ ሥራዬ የማስበው ስለተለወጠ ነው። ከሱቄ መስኮት ላይ ሆኜ ተናግሬ የማልጨርሰው ነገር ሆኖብኛል።

እኚህ እናት አሞራ ገደል አጠገብ ቡና አፍልተው የሚሸጡ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ እማማ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ስልኩን ከመቀነታቸው ፈትተው እጄ ላይ አኖሩና «ልጄ፣ ይኼ ስልክ ትኩሳት ይዞታል፤ እስቲ እየው» አሉኝ። እውነትም እንደ በሽተኛ ግንባር ይፋጃል። ጠዋት ሞልተውት የወጡት ባትሪ ስድስት ሰዓት ሳይሆን ያልቃል፣ የሞሉት ካርድም ሳይደውሉበት ይበላል። ባትሪው አብጦ ይሆናል ብዬ ጀርባውን ከፈትኩ፤ ደህና ነው። ዋናውን ጭንቀታቸውን የተናገሩት በመጨረሻ ነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ባንክ ያስቀመጥኳትም የለችም።» ዕቁብ ደርሷቸው ያስቀመጧት 18,400 ብር በሁለት ሌሊት፣ በአራት ጊዜ ተከፋፍላ ወጥታለች።

ጥር የሠርግ ወር ነው። ከዚያ ሳምንት ቀደም ብሎ በዕድራቸው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «የሠርግ ጥሪ ካርድ» የሚል ፋይል ተልኮ ነበር። የተላከው በታወቀ የዕድሩ አባል ስም ነው፤ ሰውየው ግን አልላከም፣ የእሱ ቴሌግራም አስቀድሞ በሌላ ሰው እጅ ገብቷል። እማማ ማንበብ ስለማይሆንላቸው የልጅ ልጃቸው ከፈተላቸው። ስልኩ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ጠየቀ፤ ልጁ ፈቀደ። እንደገና ጠየቀ፤ እንደገና ፈቀደ። አራት ጊዜ ጠየቀ፣ አራት ጊዜ ፈቀደ። ካርዱ አልታየም። «ኔትወርክ ይሆናል» ብለው ተዉት።

ፋይሉን ዳውንሎድ ውስጥ አገኘሁት። ስሙ በእኛው ፊደል ነው የተጻፈው፤ ከነጥቡ በኋላ ግን ኤ፣ ፒ፣ ኬ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት አሉ። አንባቢ ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ ከሆነ እነዚህን ሦስት ፊደላት ይያዝ። ፎቶ ከሆነ መጨረሻው ጄፔግ ወይም ፒኤንጂ ነው፣ ጽሑፍ ፒዲኤፍ፣ ቪዲዮ ኤምፒ4። ኤፒኬ ግን አንድሮይድ ስልክ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ነው። የሠርግ ካርድ ይከፈታል እንጂ አይጫንም። ፎቶ ይታያል እንጂ መልእክት ላንብብልህ ብሎ ፈቃድ አይጠይቅም።

ልጁ ከፈቀዳቸው ነገሮች አንዱ የጽሑፍ መልእክት ማንበብ ነበር። ሌላው በሌሎች አፖች ላይ ተደርቦ መታየት ነው፤ ይህ ማለት ባለቤቱ የባንኩን አፕ ሲከፍት ከላይ ሐሰተኛ ገጽ አንጥፎ የሚስጥር ቁጥሩን መቀበል ይችላል። ከሁሉ የከፋው ግን በአማርኛ ስልክ ላይ «ተደራሽነት» የሚባለው ነው። ይህ ፈቃድ በራሱ ክፉ አይደለም። ዓይነ ስውር የሆነ መምህር ደንበኛ አለኝ፤ ስልኩ ጣቱ ያረፈበትን ሁሉ በድምፅ የሚያነብለት፣ እሱም ባንኩንና መልእክቱን ያለ ሰው ረዳትነት የሚያንቀሳቅሰው በዚሁ ነው። ይህን ፈቃድ ያገኘ አፕ ስክሪን ላይ ያለውን ሁሉ ያነባል፣ በባለቤቱ ፈንታም ይጫናል። ለመምህሩ ዓይንና እጅ የሆነው ነገር እማማ ስልክ ላይ ለሌባው ዓይንና እጅ ሆነ። ባንኩ የላከውን የአንድ ጊዜ ኮድ አንብቦ መልእክቱን ያጠፋዋል። ሥራውን የሚሠራው ሰው ሲተኛ ነው። ላጠፋው ወደ ሴቲንግ ስገባ ራሱ ተመለስ የሚለውን እየተጫነ ሦስት ጊዜ አስወጥቶኛል። ምልክቱንም ከፊት ገጽ ላይ ሰውሮታል።

እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው አንድሮይድ 13 ጀምሮ ስልኩ ከፕሌይ ስቶር (ከጉግል የአፕ መደብር) ውጭ ለመጣ አፕ ይህን ፈቃድ በቀላሉ አይሰጥም፤ መስጫውን ይዘጋዋል። የእማማ ስልክ ከዚያ በፊት የነበረ ነው፤ ወደ ሱቄ ከሚመጡት ብዙዎቹም እንደሱ ናቸው። አዲስ ስልክ ላይም ቢሆን ሌባው «በዚህ ግባ፣ ሦስቱን ነጥብ ተጫን፣ የተከለከለውን ፍቀድ» እያለ ሰውየውን ራሱን ያስከፍተዋል።

ያጠፋሁት እንዲህ ነው። ሲም ካርዱን አወጣሁ፣ ዳታና ዋይፋይ ዘጋሁ፣ ስልኩንም በሴፍ ሞድ አስነሳሁት። የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ «ፓወር ኦፍ» የሚለው ሲመጣ እሱኑ ጣት ሳያነሱ መጫን ነው፤ በብዙ ስልኮች ላይ ይሠራል። በዚህ ሁኔታ ከፋብሪካ ጋር የመጡት ብቻ እንጂ በኋላ የተጫኑት አፖች አይነሱም። ከዚያ በሴኪዩሪቲ በኩል ገብቼ «ዲቫይስ አድሚን» ከሚለው ዝርዝር ላይ የያዘውን ሥልጣን ነጠቅኩትና አጠፋሁት። ፎቶዎቻቸውን ቀድቼ ስልኩን ሪሴት አደረግኩት፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ባዶ አደረግኩት ማለት ነው። እማማን ይዤ ባንኩ ቅርንጫፍ ድረስ ሄጄ የሚስጥር ቁጥሩን አስለወጥን። ብሩ ግን አልተመለሰም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ሰው መሣሪያ ውስጥ መግባትን ይቀጣል፤ እማማም አመልክተዋል። የተላለፈው ገንዘብ ግን በማግስቱ ከዚያኛው ሒሳብ ላይ ወጥቶ አልቋል።

እስከዚህ የጻፍኩት የሌባውን ሥራ ነው። አሁን የእኛን ልጻፍ።

አዲስ ስልክ የገዛ ሰው ወደ እኛ የሚመጣው «አፕ ጫንልኝ» ብሎ ነው። ዳታ ይወደድበታል፣ ጂሜይል የለውም፣ ፕሌይ ስቶርን አያውቀውም። ኮምፒውተሬ ላይ «አዲስ ስልክ» የሚል ፎልደር ነበረኝ። ውስጡ 43 አፕ አለ፦ ቪዲዮ ማጫወቻ፣ ሙዚቃ ማውረጃ፣ የአማርኛ ኪቦርድ፣ መዝሙር፣ መንዙማ፣ ጌም፣ ባትሪ ቆጣቢ፣ የተቀየረ ዋትስአፕ፣ የተቀየረ ቴሌግራም። ከሌላ ጠጋኝ በፍላሽ የቀዳኋቸው ናቸው፤ እሱም ከሌላ ቀድቶ ነው። መጀመሪያ ማን እንደሠራቸው፣ በመንገድ ላይ ማን ምን እንደጨመረባቸው እኔም እሱም አናውቅም። በ50 ብር፣ በአሥር ደቂቃ፣ ዜንደር በሚባለው ፋይል ማስተላለፊያ አፕ እጭናቸው ነበር። ለፍቼ ጫምባላላና ለሐምሌ ገብርኤል ከተማው በእንግዳ ሲሞላ በቀን ሃያ ስልክ በእጄ ያለፈበት ጊዜ አለ።

ከእማማ በኋላ ፎልደሩን በትርፍ ስልክ ላይ አንድ በአንድ እየጫንኩ አየሁት። ቪዲዮ ማጫወቻው መልእክት ማንበብና መደወል ፈልጎ ጠየቀኝ። ቪዲዮ የሚያጫውት ነገር የሰው መልእክት ምን ያደርግለታል? ባትሪ ቆጣቢው ተደራሽነትን ጠየቀ። ከ43ቱ ዘጠኙን ፕሌይ ፕሮቴክት የሚባለው የስልኩ አፕ መርማሪ ወዲያው አደገኛ ብሎ ለየልኝ። ታዲያ በደንበኞቼ ስልክ ላይ ስጭን ይህ ማስጠንቀቂያ አይመጣም ነበር ወይ? ይመጣ ነበር። እኔ ነኝ የማጠፋው። ሥራ እንዳያጓትትብኝ ከሁሉ በፊት የማደርገው ፕሌይ ፕሮቴክትን መዝጋት ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ካልጻፍኩት ግን ደብዳቤው ዋጋ የለውም። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከፕሌይ ስቶር ጋር አብሮ የሚሠራውን ጠባቂ ደንበኛው ፊቴ ቆሞ እያየ፣ ገንዘቡን ከፍሎኝ፣ ከስልኩ ላይ አባርርበት ነበር።

ሁለተኛው ጥፋታችን ጂሜይል ነው። ጂሜይል የሌለው ሰው «አንተው ክፈትልኝ» ይላል፤ እኔም እከፍትና ስሙንና ኢሜይሉን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። የይለፍ ቃሉን ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር ያደረግኩት፣ እንዳይጠፋብኝ። ብዙ ሱቆች እንዲሁ ያደርጋሉ። በዚያ ጂሜይል ሥር የሰውየው የስልክ ቁጥሮች፣ ሳይታወቀው የሚከማቹ የልጆቹ ፎቶዎች ይቀመጣሉ። ጂሜይሉን የያዘ ሰው ስልኩ የት እንዳለ በካርታ ማየት፣ ከሩቅ ሆኖም ስልኩን ማጽዳት ይችላል። ስልኩ ተሰርቆ ቢጸዳ እንኳ የቀድሞውን ጂሜይል ጠይቆ ሌባውን የሚያስቸግረው ይኸው ነው፤ ባለቤቱ የማያውቀው ከሆነ ግን የሚቸገረው ባለቤቱ ነው። ደብተሬ ላይ 212 ስም ነበር። ያ ደብተር አንድ ቀን ቢሰረቅ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ሳስበው ይዘገንነኛል።

ስልኩ ንጹሕ ሆኖ ሰው የሚዘረፍበትም መንገድ አለ። በ2008 የተከፈተው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ አንዲት ልጅ «ስልኬ ሀክ ተደርጓል፣ ፍላሽ አድርግልኝ» ብላ እያለቀሰች መጣች። በቴሌግራም አንድ ጓደኛዋ «ልጄ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጪልኝ» ብላ ሊንክ ልካላታለች። ገጹ ስልክ ቁጥር ጠየቃት፣ ቀጥሎ ቴሌግራም የላከላትን ባለ አምስት አኃዝ ኮድ ጠየቃት፤ ሰጠች። በዚያው ምሽት በእሷ ስም አብረዋት ለሚኖሩትና ለዘመዶቿ ሁሉ «ብር ላኪልኝ፣ ነገ እመልሳለሁ» የሚል መልእክት ሄደ። አለታ ወንዶ ያለችው ታላቅ እህቷ 3,000 ብር ላከች። ስልኩን ፍላሽ ማድረግ፣ ማለትም ሶፍትዌሩን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን፣ ለዚህ ምንም አይሠራም። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፈትን፤ ከእሷ ስልክ በታች የማታውቀው መሣሪያ ተዘርዝሯል። አስወጣነው፣ ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃልም አስገባን። ዕድለኛ ናት፣ በጊዜ መጣች፤ አዲስ የገባ መሣሪያ የቀድሞውን ወዲያው ማስወጣት አይፈቀድለትም፣ ሰዓታት መጠበቅ አለበት። ያቺ ጊዜ የባለቤቱ ናት። ነገ አደርገዋለሁ ብሎ ያደረ ሰው ግን ከገዛ ቴሌግራሙ ተባርሮ ይነጋበታል።

አይፎን የያዙ ሰዎች ይህ ሁሉ እነሱን እንደማይመለከታቸው ይነግሩኛል። የሠርግ ካርዱ ፋይል እውነትም አይፎን ላይ አይጫንም። ኮድ አሳልፎ መስጠት ግን ስልክ አይመርጥም። ጥሪ ማዞርም እንዲሁ፦ አንድ ሰው ደውሎ «ኔትወርክዎን ለማስተካከል ይህን ቁጥር ይደውሉ» ብሎ በ*21* የሚጀምር ነገር ካስደወለዎት፣ ጥሪዎ ሁሉ ወደ እሱ ስልክ ዞሯል ማለት ነው፤ በድምፅ የሚላኩ ኮዶችም ጭምር። *#21# ብለው ሲደውሉ ጥሪዎ መዞር አለመዞሩን ያሳይዎታል፣ ##002# ደግሞ ያጠፋዋል።

በካፌ ዋይፋይ ላይ ስላለው ስጋት ብዙ ይወራል። በእኔ ዕድሜ በዋይፋይ የተዘረፈ ደንበኛ አልገጠመኝም፤ የባንክ አፖች መረጃቸውን መስጥረው ነው የሚልኩት። ኢንተርኔት ሲከፍቱ ድንገት ብቅ ብሎ «ስልክዎ በ13 ቫይረስ ተይዟል፣ ይህን ማጽጃ ይጫኑ» የሚለው ነገር ግን በየሳምንቱ ሰው ያመጣልኛል። ድረ ገጽ የሰው ስልክ ውስጥ ያለውን ቫይረስ መቁጠር አይችልም። አጽዳልኝ ያሉት ማጽጃ ራሱ በሽታው ነው።

ከፋብሪካ ይዞት የመጣም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ቴክኖ ደብሊው 2 በሚባል ርካሽ ሞዴል ላይ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የሚባሉ ቫይረሶች ሳይሸጥ በፊት ገብተው እንደተገኙ ተመራማሪዎች ይፋ ሲያደርጉ ኢትዮጵያ ከተጠቀሱት አምስት የአፍሪካ አገሮች አንዷ ነበረች። ቫይረሶቹ ባለቤቱን ሳያውቅ የሚከፈልባቸው አገልግሎቶች ላይ ይመዘግቡት ነበር። አምራቹ ችግሩ ከአቅራቢ የመጣ መሆኑን ገልጾ ማስተካከያ መልቀቁን ተናግሯል። ኤክስሄልፐር ሪሴት ቢደረግም ተመልሶ የሚነሳ ነው። ያኔ ካርድ በላብኝ የሚል ደንበኛ ሲመጣ «ዳታህን አልዘጋህም» እያልኩ እመልስ ነበር። የስልክ ማሻሻያ ሲመጣ ዳታ ይበላል ብሎ ማለፍ ጥሩ ያልሆነው ለዚህ ነው፤ ማስተካከያው የሚደርሰው በዚያ ነውና። በሱቄ ዋይፋይ በነፃ እንዲያደርጉት ፈቅጃለሁ።

አሁን ፎልደሩ የለም። አዲስ ስልክ የያዘ ሰው ሲመጣ ጂሜይሉን ራሱ በጣቱ ይከፍታል፣ የይለፍ ቃሉን ሲጽፍ እኔ ፊቴን አዞራለሁ። አፑን ከፕሌይ ስቶር ብቻ እናወርዳለን። አሥር ደቂቃ የነበረው ሥራ አርባ ደቂቃ ሆኗል፤ በቀን ሃያ ይስተናገድበት የነበረው በዓል ዘንድሮ በስድስት ሰው አልፏል። ገቢዬ ቀንሷል፣ አልደብቅም። የስልኩን ቋንቋም አማርኛ አድርጌ ነው የምሰጠው። ወጣት ጠጋኞች «ቅንብሮች» የሚለው ቃል ለደንበኛ ይከብደዋል ይላሉ፤ እኔ ግን የእማማ የልጅ ልጅ «መልእክቶችዎን እንዲያነብ ይፍቀዱለት?» የሚለውን በአማርኛ ቢያነበው ኖሮ ቢያንስ አያቱን ይጠይቅ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በየከተማው ያላችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ ፎልደሩን አጥፉት። አንዱ ሱቅ ብቻውን ቢያቆም ደንበኛው ቀጣዩ ሱቅ ሄዶ ያስጭናል፤ እኔም በየቀኑ እያየሁት ነው። ባንኮች ደግሞ አፓቸውን ሲሠሩ ከፕሌይ ስቶር ውጭ የመጣ አፕ የተደራሽነት ፈቃድ ይዞ ካገኙ «መጀመሪያ ይህን አጥፋ» ብሎ እንዳይከፈት ማድረግ ይችላሉ። ሲንጋፖር ውስጥ ያሉ ባንኮች እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ እንዲህ ያደርጋሉ። ያ ዓይነ ስውሩን መምህር አይጎዳውም፤ የእሱ አንባቢ ከስልኩ ጋር የመጣ ነው። ማስጠንቀቂያውም በአማርኛና በሲዳሙ አፎ ይሁን፣ በድምፅም ጭምር፤ እማማ ማንበብ አይችሉም።

የቀረኝ ደብተሩ ነው። ከመጋቢት ጀምሮ በየምሽቱ እየደወልኩ ከ212ቱ 131 ሰዎች መጥተው የይለፍ ቃላቸውን ለውጠዋል። የመጣውን ሰው ስም እሰርዛለሁ። የቀሩት 81ዱ ቁጥራቸው አይሠራም፣ ወይም ወደ ይርጋለም፣ ወደ ዲላ፣ ወደ ሻሸመኔ ሄደዋል። በነዚህ ዓመታት አሮጌው መናኸሪያ አካባቢ፣ በሩ ላይ ቢጫ ጃንጥላ ካለው ሱቅ አዲስ ስልክ አስጭነው ጂሜይል ያስከፈቱ ሰዎች ይህን ካነበቡ፣ ወይም የሚያውቋቸው ካነበቡላቸው፣ ስልካቸውን ይዘው ይምጡ። ክፍያ የለውም። እሑድም ከቅዳሴ በኋላ እከፍታለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የሞባይል ጠጋኝ፣ ከሐዋሳ